የእኩል መስክ

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ሣር ስከረክም፣
ዘጠኝ ጉድጓድ ሳጠራ፣ ዘጠኝ ባንዲራ ሳቆም።
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣
ፊሽካ ሲነፋበት፣ ፈረቃ ሲገባ፣
እንደ መዳፌ የማውቀው ይኼ አረንጓዴ
ለእኔ እርሻዬ ነው፣ የማላጭደው ሁዳዴ።

የመጣሁት በልጅነት፣ ኳስ ፈላጊ ተብዬ፣
ቄጠማ ውስጥ ስዳክር ሱሪዬን ጠቅልዬ።
ለተገኘች ኳስ ስሙኒ ይሰጣል፤
ለጠፋች ኳስ ቁጣ ይመጣል።

ዛሬ ኳስ መቺዎቹ ሦስት ሰዎች ቀሩ፤
ሁለቱ ከመምታት ይልቅ ወገባቸውን የሚያማክሩ፣
ሦስተኛው አቶ አስፋወሰን፣
የፋብሪካው ሒሳብ ሹም የነበሩ ያን ዘመን።
"ጎልፍ ማለት፣ ሙሄ፣ ዝም ማለት ነው፤
ሣሩ ሲያድግ ይሰማል፣ ጆሮህን ክፈተው።"
እኔም ዝም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነፋስ ከሐርቡ ሲመጣ
የባልዲ ክዳን መሰለኝ ከዋርካው ኋላ የወጣ፤
ብርቱካንማ ነው፣ ይንሳፈፋል፣
እንደ ጭልፊት ዞሮ ስድስተኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ያርፋል።
ተከትላው ሮጣ መጣች አንዲት ልጅ፣
ሻሿ ካንገቷ የወረደ፣ ጭቃ የነካው እጅ፤
"ዘይነባ ነኝ፣ አያ። ይኼ ዲስክ ነው። ጎልፍ ነው የእኛም፣
ዱላ የለው እንጂ ከእናንተ አይለይም።"

ቅርጫቱን ጋሻው በያጁ ሠርቶላቸዋል፣
ከላይ እስከ ታች ሰንሰለት ደርድሮበታል፤
ዲስክ ሲገባበት
እንደ በቅሎ ጌጥ ቅጭልጭል ይላል።

አቶ አስፋወሰን ደረሱ፣ ፊታቸው ሚጥሚጣ፦
"የድስት ክዳን የሚወረውረው ከየት የመጣ?
ይኼ ሜዳ ነው ወይስ የዕቃ ተራ ነው?"
ልጆቹ አልሸሹም። ቶፊቅ ነው የመለሰው፦
"ጋሼ፣ ሃያ ሰባት ነን። የውኃውን ሒሳብ እንካፈል፤
ሰው ያልረገጠው ሜዳ ከእሾህ በቀር ምን ያበቅል?"
ሒሳብ የምትለዋ ቃል አንገታቸውን አዞረችው።

ሾላው ሥር ተቀመጥን። ሳይጠይቁኝ ተናገርኩ፦
"አባቴ በሬ እንጂ መሬት አልነበረውም፣
ጎረቤቱ አያ አረቡ መሬት እንጂ በሬ የለውም፤
እኩል ያርሱ ነበር። ጤፉን አውድማ ላይ፣ ቁና ይዘው፣
ሲሰፍሩት ያመሻሉ አንድ ላንተ፣ አንድ ለእኔ ብለው።
ጠብ ነበር በየዓመቱ። መለያየት አልነበረም።"

ጠዋቱ ለኳስ ሆነ፣ ከዐሥር ሰዓት ወዲያ ለዲስክ፤
አቶ አስፋወሰን ዱላ ሲያነሡ ሰንሰለት እንዳይነካ፣
ዲስክ በብብት ይያዝ፣ ሳቅ በጉንጭ ይዋጥ።
ተጻፈ። ተፈረመ። በማግሥቱ ተጣሰ።
በሳምንቱ እንደገና ተጻፈ።

ልነግርህ የጀመርኩት ግን ይኼን አልነበረም።

ትላንት ሲመሻሽ፣ ልጆቹ ከሄዱ ኋላ፣
ፓምፕ ልዘጋ ስወጣ አየሁ አንድ ጥላ፤
ኮት የለበሰ፣ ግራ ቀኙን የሚያይ፣ ሌባ የመሰለ፣
ዘይነባ የረሳችውን ዲስክ ከሣር ላይ ያነሣ፣
አስመሳይ ብር እንደሚመዝን በእጁ የመዘነ።
ወረወረው። አቤት አወራወር!
ተጣመመ፣ ነፋስ ነጠቀው፣
ቦርከናን ሊሻገር ሲል ቄጠማው ዋጠው።

"ሙሄ" አሉኝ፣ ለካ አይተውኛል፣ "ያ ነገር... ገባ።"

ሱሪዬን ጠቀለልኩ። ከስንት ዘመን በኋላ!
ውኃው ያው ውኃ ነው፣ ጉልበቴ ነው ሌላ።
በእግሬ ጣት ዳስሼ አገኘሁት፤ ከአጠገቡ ደግሞ
አንዲት ኳስ፣ የበለዘች፣ ጭቃ የጠጣች፣
ማን ያውቃል፣ ያቺ የተቆጡብኝ ትሆናለች።
ዲስኩን ገለበጥኩት። ኳሷን መሐሉ አኖርኳት፣
እንቁላል ጎጆው ውስጥ እንደሚያርፍ፣
ሁለቱንም በአንድ እጅ ይዤ ወጣሁ።

አቶ አስፋወሰን አዩ።
ዝም አሉ፣ እንደ ጎልፍ።
ኋላ ግን በቀስታ፦ "ለማንም እንዳትናገር።"

ካንተ በቀር ለማን ነገርኩ?
ሣሩ ግን ሰምቷል።