ወራጅ አለ

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፤
ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ፣
ስንቱን አውርጃለሁ።
ሳል የያዘው ሽማግሌ፣ ያኮረፈች ሙሽራ፣
ፈተና የረፈደበት፣ የተባረረ ከሥራ፣
ሁሉም ያቺን ሁለት ቃል ከኋላዬ ሲጠራ
ፍሬን ስረግጥ ኖሬያለሁ፣
ማን እንደሆነ ዞር ብዬ ሳላጣራ።

ወራጅ አለ።

ከባድ ቃል መሆኗን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤
ሚልኪያስን አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው።
መምህርት ፀዳለ ጠርታኝ፣
ከልዩ ክፍሉ ጓሮ፣ ቧንቧው አጠገብ አቁማኝ፣
"ከእንግዲህ ፊደሉ ይበቃዋል" አለችኝ፤
"ሸሚዙን መቆለፍ፣ ሒሳብ መክፈል፣
መልስ መቀበል፣
ታክሲ ውስጥ ድምፁን ማውጣት ይማር።
አንተ እኮ ሁልጊዜ አትኖርም።"
አፌን ከፈትኩ፤ ቧንቧው ተንጠባጠበ እንጂ
ከእኔ ምንም አልወጣም።

ሥራ ተገኘለት፣ ከፖስታ ቤት ወረድ ብሎ፣
የኬክ ሣጥን ማጣጠፍ።
እጁ ለጠርዝ የተፈጠረ ነው፤
አንዷ ጥግ ከተንሻፈፈች አፍርሶ ይጀምራል፣
ሌላው ሦስት ሲጨርስ እሱ አንዷን ያሳምራል።

የቀረን መንገዱ ነበር።
"ምልክት ስጠው፣ የማይንቀሳቀስ" ተባልኩ፤
ሰጠሁት።
የወርቅ ቤቱን ሰዓት፣
የመድኃኒት ቤቱን ቀይ በር፣
የጫማ ጠጋኙን ጃንጥላ።
ሦስት ወር እንደ ዳዊት አስደገምኩት፤
በእንቅልፉ ልቡ እንኳ ይላቸው ነበር በተራ፦
ሰዓት፣ በር፣ ጃንጥላ።

አንድ ሰኞ ወጣን። ሰዓቱ የለም።
የነበረበት ላይ ሰማይ ቆሟል።
በሩም የለም፣ ጃንጥላውም፣ ጠጋኙም፤
ቆርቆሮ አጥር እስከ ጥግ፣
ከኋላው ድንጋይ የሚያኝክ ማሽን።
ልጄ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠ፣ ጆሮውን ያዘ፣
"ሰዓት የለም፣ ሰዓት የለም" አለ።
ምን ልበለው?
አዲስ አበባ ላይ የማይነቃነቅ ምን አለ?

ጣሪያ ሳይ አድሬ ትዝ አለኝ ቁልቁለቱ።
ቸርችልን ማን ያፈርሰዋል? ቤቱ ይሂድ፣ ሰዓቱ፤
የመሬቱ ጀርባ ያው ነው።
"ዓይንህን ተወው" አልኩት፣ "በሆድህ ስማ።
ቁልቁል ሲለቀን ሆድህ ወደ ፊት ይሄዳል፤
ታች ሲደርስ ይመለሳል፤
ያኔ በላት።"
ወንበር ደርድረን ሳሎን ውስጥ ነዳን፤
እኔ ሾፌር፣ እናቱ ዘርፌ ወያላ፣
እሱ ብቻውን ከኋላ።
ብሩን ይሰጣል፣ መልሱን ይቆጥራል፣
ድምፁ ግን ጥርሱ ጋ ሲደርስ ይቀልጣል።

ቀኑ ደረሰ። ለብቻው ተሳፈረ።
እኔ ኮፍያ ደፍቼ መጨረሻ ወንበር፣
እንደ ሌባ።
ቁልቁለቱ አለቀ። ሆዱን ሲይዝ አየሁት።
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።
መኪናው አለፈ።
ምላሴን ነከስኩ፣ ደም ደም አለኝ።
ሜክሲኮ ወረደ፣ በእግሩ ተመለሰ፣
አርባ ደቂቃ አርፍዶ ሣጥኖቹ ጋ ደረሰ።

ዘጠኝ ቀን እንዲሁ።
በአሥረኛው ሆዱን ያዘ፣
"ወ…" አለ፣ "ወራጅ"፣
የትንኝ ክንፍ ታህላለች።
ወያላው በመስኮት ወጥቶ መንገደኛ ይጠራል፣
ሬዲዮው ስለ ኳስ ያወራል።
አጠገቡ ቲማቲም በፌስታል ያቀፈች ሴት፣
ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፦
"ኧረ ወራጅ አለ! ልጁ ተናገረ እኮ፣
አትሰሙም እንዴ?"

ቆመ።
ወረደ። አላመሰገናትም፤
እሱን አላስተማርነውም።
እንዲጮህ ሳለማምደው ከርሜ
ሰው ጆሮ እንዳለው አላሰብኩም።

እኔ ግን አልወረድኩም።
ሃያ ሁለት ዓመት ከኋላዬ ስንት ትንኝ
ሳልሰማት አልፌ ይሆን፣ እያልኩ ነበር።
ሜክሲኮ ላይ መኪናው ባዶ ሆነ፤
ወያላው በሩን እንደያዘ
"ፋዘር፣ መጨረሻ ነው፤ አትወርድም?" አለኝ።
እወርዳለሁ፣ ልጄ።
ቆየኝ፣ ድምፄን ልፈልግ።