የአባ ይማም ወፍጮ

ከኮምቦልቻ ወርዶ፣ ቦርከናን ተሻግሮ፣
የውሃ ወፍጮ አለ፣ ዛሬም ያጓራል እንደ ድሮ።
ቅዳሜ ከደሴ ልጆች ይመጣሉ፣
ስልክ ደግነው «አባ ይማም፣ እስቲ አስነሱት!» ይላሉ።
እሱ ግን ቦዩን አይከፍትም፤
«እህሉስ?» ይላል፣ ሌላ አይጠይቅም።
ብር ቢዘረጉለት እጁን አያወጣ፤
«ጭብጥ ማሽላ ያምጣ፣ ወፍጮ ሊያይ የመጣ።
ባዶውን ሲዞር ድንጋይ ድንጋይን ይበላል፤
የምወቅረው እኔ ነኝ፣ ጉልበቴም አልቋል።»

አንዷ ቦርሳዋን በርብራ የገብስ ቆሎ አገኘች፣
የመንገድ ስንቋን ከነፌስታሉ ሰጠች።
ውሃው ተለቀቀ። ወለሉ ነዘረ።
ትኩስ በሶ ሆኖ ቆሎው መውረድ ጀመረ።
ሰባት ሰው ተጋፍቶ ከመዳፏ ላሰ፤
ስልክ ያነሳ የለም፣ እጅ ሁሉ ዱቄት ለበሰ።
«ዕድሜው ስንት ነው?» ማለቱንም ማንም አላስታወሰ።