ሁለት ሲሲ

ደሴ ሆስፒታል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ሳጅን ደመላሽ ከራስጌዬ ቆሟል፤
በአንድ እጁ ብልቃጥ፣ በሌላው ወረቀት ይዟል።
«ሁለት ሲሲ ናት፤ ክንድህን ዘርጋ።»
አልዘረጋም አልኩት።
«ካልጠጣህ ምን ያስፈራሃል?»
የጠጣሁትንማ ኮምቦልቻ ያውቃል፤
መናኸሪያው ጥግ፣ አንዲት መለኪያ።
ከእሷ በኋላ ያለችውን ግን
የሐረጎ ጉም ይጠየቅ።

በእኛ አገር ደም የሚያደርቅ አበጋር ነው፤
ተቀምጦ ይሰማል፣ ካሳ ይቆርጣል፣ ያስታርቃል።
ብልቃጥ ምን ሽምግልና ያውቃል?
ቁጥሩን ብቻ ይተፋል።
ደሜ የኔ ነው፤ በራሴ ላይ ምስክር አልቆጥረውም።

ከመጋረጃው ወዲያ ረዳቴ ይመር ያቃስታል፤
አይሱዙው የተኛው በእሱ በኩል ነው።
ሲስተር ዘምዘም ብቅ አለች፣
ጓንቷ ቀይ።
«ኦ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው አለ?»
እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ጠቀለልኩ፤
«ከኔ ቅጂ! እስኪበቃው ቅጂ፣ ቢያልቅም ግድ የለም!»
ክንዴን አየችው። ሳጅኑም አየው፣
አንድ ሰዓት ሙሉ ሲለምነው የቆየውን ክንድ።
እሷ ግን መርፌ አላነሳችም፤
«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ወንድሜ፤
ዛሬ ጠጥተሃል?»

የሳጅኑ እስክሪብቶ ቆመ።
ይመር አቃሰተ።