ቀጋ በሌላ አፍ

ከጣርማ በር ጉሙ፥ ደብረ ሲና ሲወርድ፣
ወረቀት ሲያርስብኝ፥ ማኅተሜን ሲያበርድ፣
ማንደፍሮ ገባ፥ ጋቢው ጠል አርግዞ፣
አራት እጥፍ ወረቀት፥ በሁለት ጣት ይዞ።

«የልጅቱ ስም?» አልኩ፥ እስክሪብቶ አንስቼ።
«እግላንቲን።»
                    «እግዜር... ማን?» አልኩት፥ ጆሮ ሰጥቼ።
ደገመው ቀስ አርጎ፥ ፊደል በፊደል፣
እንደሚረማመድ፥ በሚያዳልጥ ገደል።

መዝገቤን ገለጥኩት። የዘንድሮው ብቻ፦
ሶልያና ሃያ ሰባት፣
ማራማዊት ዐሥራ ዘጠኝ፣
አሜን፥ ወንድም ሴትም፥ ሠላሳ ሁለት።
እነ ዘነቡ ግን፥ እነ በለጡ፥ እነ አስካለ፣
ከእናት ስም ዓምድ በቀር፥ በዚህ ዓመት የለ።
እግላንቲን? ምንም።
ከሐምሌ እስከ ሰኔ፥ ከፊትም ከኋላም።

«ትርጉሙስ?» አልኩት። ግዴታ አይደለም፤
ቅጹ ላይ ለትርጉም፥ ክፍት ቦታ የለም።
ግን በኛ አገር ስም፥ ሙሉ ንግግር ነው፣
ለማን እንደተጣለ፥ ጎረቤት የሚያውቀው።
እኔን ራሴን እዩኝ፥ ምትኬ ነው ስሜ፦
የሟች እኅቴን ቦታ፥ ልሞላ መቆሜ።
ሠላሳ አራት ዓመት፥ አቤት ባልኩ ቁጥር፣
እሷን የጠሩ ነው፥ የሚመስለኝ ነበር።

ማንደፍሮ ሳቀ። «ቀጋ ማለት እኮ ነው።»
«ቀጋ? ይሄ የአጥሩ?»
                    «እሾኻሙ፥ አዎ፥ ልጅ የሚለቅመው።»

ቆላ ወርዶ ኖሯል፥ ቁፋሮ ሥራ ላይ፣
የፈረሰ ከተማ፥ ካፈር ሲወጣ ሊያይ፣
በወንፊት ሊነፋ፥ በቀን አበል ሊያድር፤
አለቃቸው ሴት ናት፥ ከሩቅ ከፈረንሳይ አገር።
ባጥር በኩል ስታልፍ፥ ወደ ነጩ አበባ፥ እጇን ዘርግታ፣
«ይህች እኔ ነኝ» አለች፥ ደረቷን መትታ።
ወጋት። ጣቷን መጠጠች።
«ከላቲን ነው» አለች፥ «ሥሩ እሾህ ነው ጥንት፤
አገሬም ቢሆን ዛሬ፥ የሚያወጣው ጥቂት።»

አንድ ቀን ሰማያዊ ጨሌ፥ ካፈሩ ለይቶ ሰጣት።
ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጻፈች፥ የጉድጓዱን ጥልቀት፣
ከታች ደግሞ፦ «ማንደፍሮ»።
«ያገኘው ሰው ይጻፋል» አለችው።
ከግብር ካርኒ ውጪ፥ ስሙ ሲጻፍ ያየው
ያኔ ነው።

አማቱ በጆሮዋ፥ ቃሉን አላመጠች፤
«እግዜር-ላንቺ ነዋ!»፥ ብላ ተረጎመች።
ቄሱም አልቸገራቸው፤ በሰማንያው ቀን፥ ጽጌ ማርያም አሏት፣
አበባዋን ወስደው፥ እሾኋን ትተዋት።
ኮምፒዩተሬ ብቻ፥ ከስሟ ሥር ቀይ መስመር ሳበ፣
ቀጋ እንደጫረው ቆዳ።
ሰረዝኩት፤ ተመልሶ መጣ።
እንዳለ አተምኩት።

በዓመቱ ከአርማንያ፥ አንዲት ሴት መጣች፣
ልጇን በጀርባዋ፥ እንዳዘለች ቆመች።
«ስም?»
          «እግዜርላንቺ።»
                    «ከየት ሰማሽው?»
«ከማንደፍሮ ልጅ። ሲጠሯት ስትሮጥ፥ ደስ ብሎኝ ነው።»
ቀጋንም ላቲንንም፥ አልነገርኳትም፤
ስሟ ሙሉ ነበር፥ ምንም አይጎድለውም።
ለዞን በላክሁት ዘገባ፥ ባንድ ዓመት እጥፍ አድጓል፦
አንድ የነበረው፥ ሁለት ሆኗል።

ማታ ወደ ቤቴ፥ በአጥር ጥግ ሳልፍ፣
ቀዩን የቀጋ ፍሬ፥ አንዲት ልቀጥፍ፣
እጄን ሰደድኩና፥ እሾኹ እጅጌዬን ያዘ፥
እንደ መዝጋቢ፦
«ስም?»
አፌን ከፈትኩ።
ጉሙ ከላይ ይወርዳል።