የጀልባው ቀለበት

ከቫሳ ማዶ፣ በደሴታችን፣
አያቴ ቬርነር ለጀልባው ብሎ ዓለቱ ላይ የቸነከረው
ቀለበት ዛሬ ጫካ መሐል ነው፤ ሸረሪት ነው የሚያስረው።
እግሬ ሥር እንጆሪ በቅሏል፤ ማዕበሉ ርቆ ይሰማል፣
ልጅ ሆኜ በዋኘሁበት ዛሬ የሰው በግ ይግጣል።

ባሕሩ ሸሸ ይላሉ፤ የቦትኒያ ባሕር ግን አልሸሸም፤
ምድሪቱ ናት የምትነሣው፣ በዓመት ጥፍር ታህል፣ ኮቴ የላትም።

ድሮ፣ ስም ሳይወጣላት፣ ሰው እዚህ ሳይደርስ ገና፣
ስድስት ሺህ ክንድ በረዶ ተኝቶባት ነበርና
ጎበጠች።
ሸክም ሲወርድ ጀርባ ወዲያው ይቀናል ያለው ማነው?
ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሞ ያረጀ ይጠየቅ፤ እሱ ነው የሚያውቀው።
ከወረደላት ዐሥር ሺህ ዓመት፣ ዛሬም ወገቧን ይዛ
ቀስ ብላ ቀና ትላለች፣ እንደ ባልቴት ተመርኩዛ።

ሌናርት ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ከኮረብታው፣ ከጥዱ ሥር፣
አካፋው ዛጎል ይዞ ወጣ፤ ለካ እዚያም ባሕር ነበር።
ምላሱ ላይ አስነካው፣ ጨው ፈልጎ፣ እንደ ሕፃን፤
ጨው የለውም። ዝናብ አጥቦታል ስንት ዘመን።

አዲስ የወጣው መሬት የማን ነው? ተብሎ መንደሩ ተሰበሰበ፤
ከአባት ያልተወረሰ ርስት እንዴት ይከፈል? ማን አሰበ?
በገመድ ለኩ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ዓሣ ጠብሰው በሉ፤
«ለልጅ ልጅ ሌላ ይወጣል፣ ምን ያጣላናል?» አሉ።

እህቴ ዳግኒ ከሆላንድ ደወለች፣ ሰሞኑን አንድ ማታ፤
«የኛን ግድብ ዘንድሮም ከፍ አደረጉት» አለች በዝግታ፤
«እናንተ ጋ ምድር ከተነሣች፣ እኛን ለምን ታሰምጠናለች?»
«የጭድ ፍራሻችንን አስቢ» አልኳት፣ «ምድርም እንደሷ ነበረች።
አባባ መሐሏ ሲቀመጥ፣ ጭዱ ወደ ዳር ሸሽቶ እኛን ያነሣን፣
ብድግ ሲል ግን መሐሉ ሞላ፣ ጭዱ ከሥራችን ከዳን።
በረዶውም እንዲሁ አደረገ፤ መሐሉ ላይ እኔ ቀረሁ፣
አንቺ ዳር አገባሽ...»
አይዞሽ ልላት ነበር፣ ፈራሁ።

ዝም አለች። ከስልኩ ጀርባ የውኃ መሳቢያ ሞተር ያጓራል።
«ቀለበቱን ነቅለሽ ላኪልኝ፤ ለበሬ መቃን ይሆነኛል።»

በማግሥቱ መዶሻ ይዤ ሄድኩ፤ ብመታው፣ ዓለቱ አልለቅ አለኝ፤
ሸረሪቷ ብቻ ወረደች፤ ራቅ ብላ ቆማ አየችኝ።