የወጣው ክር

ጠባሴ ነው ሱቁ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
በሩ የማይገጥም፣ ውርጭ የሚያሳድር።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በኪሎ የመጣ
ብጫቂ፣ ቁርጥራጭ፣ ቀለሙ የነጣ፣
ያረጀ ካኪ፣ የቀሚስ ዘርፍ፣ ቅዳጅ፣
ሁሉም ድሪቶ ይሆናል፣ ጥቅምት ሳይቆም ከደጅ።

መቀስ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር እኔ፣
የገባሁ ዕለት፣ መቀስና ጠመኔ።
ጋሽ ወሰንየለህ መርፌ አቀበሉኝ፣
ክንድ አቡጀዲ ጭኔ ላይ ዘርግተው፣ "ምዘዢ" አሉኝ።
"አንድ ክር። አንድ ብቻ። እንዳይበጠስ፣
እሾህ ከተረከዝ እንደምታወጪ፣ ቀስ።"

መዘዝኩ። ጨርቁ ተኮማተረ፣ እንደ ሽማግሌ ግንባር፤
ደግሜ ሳብኩ፣ ለቀቀ፤ ከዳር እስከ ዳር
ፀጉር የመሰለች መንገድ ወለል አለች፣
ወደ መስኮቱ ሳነሳት ብርሃን ታሳልፋለች።
"አየሽ?" አሉ። "ጠመኔ ይዋሻል፣
ዓይንም ወደሚወደው ያደላል፤
የጎደለው ክር ግን ቦታውን ያውቃል።
እሱን ተከተዪ፣ በመቀስ።"

ስማቸው ወሰንየለህ፣ ሥራቸው ወሰን ማበጀት፤
እናታቸው ምን አይተው እንዳወጡት እንጃ፣ በዚያ ሌሊት።
"ስፋቷ ስንት ይሁን?" "አራት ጣት።" "የማን ጣት?"
የእኔ ቄጤማ ነው፣ የሳቸው ጉጠት።
ስቀው ከመሳቢያው አወጡ የወይራ ቁራጭ፣
በእጅ ብዛት የወዛች፣ ጠርዟ እንደ ምላጭ።
"ያች ናት ዳኛችን። የሰው ወሰን መግፋት
በጨርቅም ነውር ነው። ዛሬ የፀጉር ስፋት
ከአንዷ ብትሰርቂ፣ አርባኛዋ ስትሰፋ
ጣት ሙሉ ተጓዘ፣ ማዕዘኑ ጠፋ፤
የተኛው ሰውዬ እግሩ ውጪ ቀርቶ
ከውርጭ ጋር ሲካሰስ ያድራል፣ ዳኛ አጥቶ።"

ካውያ ሳይነካው ጨርቅ አያስቆርጡም፤ ከሰሉ ሲፈካ
ውኃ በአፋቸው እፍ ይላሉ፣ ጭርር ይላል ሲነካ፤
ሽብሽብ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ መቀስ
ጠማማ ያወጣል፣ በኋላ ሲለሰልስ።
ደንበኛው በርጩማ ላይ ወሬውን ይቀዳል፣
እሳቸው ጨርቁን፤ የማን ቀጥ እንዳለ ያስታውቃል።

ስድስት ዓመት ሆነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው።
አሁን እኔ እቆርጣለሁ፤ እሳቸው በሩ ጋ፣ ፀሐይ ባለበት፣
ጥብጣቡን በጉልበታቸው ላይ ያሳልፉታል፣
አውራ ጣታቸው ጠርዙን ያነባል።
አንድ። ሁለት። እስከ ስድስት ዝም።
ሰባተኛዋ ላይ ጣቱ ቆመ።
"እዚህ ጋ" አሉ "ስልክሽ ጮኋል።"

ጮኾ ነበር። እኅቴ፣ ከደብረ ሲና፣
ልጇ ጥርስ አወጣ ብላ።
ስስቅ መቀሱ ከመንገዱ ወጣ፣
ለስንዝር ያህል፣ የፀጉር ግማሽ፣
ከዚያ ተመለሰ።
ማንም የማያይ መስሎኝ። ማንም አላየም እኮ።

"ልጣላት?" አልኩ።
"ጨርቅ ይጣላል እንዴ።"
ሠላሳ ዘጠኙን ደራርበው፣
በጉልበታቸው ተጭነው፣
በዚያችው በጠማማዋ ጠፍረው አሰሩ፣
ሁለት ጊዜ ቋጠሩ።

ማታ ልንዘጋ ስንል ከበሬሳ ማዶ ነፋስ ተነሣ፣
በሩ እንደ ልማዱ አልገጥም አለ።
በመዝጊያውና በመቃኑ መሃል እጃቸውን ሰደው
ቅዝቃዜውን ለኩት።
"አንድ ጣት ነው" አሉ።
"የማን ጣት?" አልኳቸው።

ሳቁ፤ ብጫቂ አቀበልኳቸው፣ ይወትፉበት።