ከግድግዳው ወዲያ

ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሉዶሚር ሲያስነጥስ
«ይማርህ» እላለሁ፣ ከአልጋ ሳልወርድ፣ ካልሲ ሳልለብስ።
ከተማው ሎድዝ ነው፣ ፎቁ አራተኛ፣
በረዶው ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚተኛ።

ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር ነው፤
ስድስት ዓሣ ገዝቶ በላስቲክ ቋጥሮ አመጣቸው።
በሦስተኛው ሳምንት ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ፣
አንዱ በጎኑ ተንሳፈፈ፤ የሌሎቹም ትንፋሽ አነሰ።
«ማጣሪያ ግዛ» አሉት። ዋጋውን ጠየቀ፤
ከሱቁ እየሣቀ ወጣ፤ መንገድ ላይ ግን አልሣቀ።

ያን ማታ በግድግዳው መጋዝ ሲፈጭ ሰማሁ፤
ምስማር አግሎ መሰል፣ የፕላስቲክ ጢስ አሸተትሁ።
ሲነጋ ጠራኝ። «ና እስቲ፣ ያዝልኝ» አለና
ወገቡ የተቆረጠ ጠርሙስ አሸከመኝ፣ ቀዳዳው እንደ ወንፊት ገና።
ከታች ጠጠር ነው፣ ከሐዲድ ዳር የለቀመው፣
ዘይቱ ይልቀቅ ብሎ በድስት የቀቀለው።
«ለእራት ድንጋይ ነው የጣድከው?» አለች ሚስቱ፣ ቪየስዋቫ፤
እሱ ዝም፤ ጨመረበት፣ ሰባት ጊዜ የታጠበ አሸዋ።

የናይለን ካልሲዋን ከመሳቢያ ሰርቆ
በጠርሙሱ አፍ ላይ ወጠረው አጥብቆ።
አየችው። «የተቀደደውን ውሰድ፤ ደህናውን መልስ!»
ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ጨርቅ ስትነክር፣ ስታለብስ፣
ከኋላ ያለው ወንዝ ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ አረንጓዴ ሲሆን ያየች፣
«ውሃ ማጥራትማ ዕድሜ ይፈጃል» አለች።

ቱቦው አየር ሲያወርድ፣ አረፋው ሽቅብ ሲወጣ
ውሃውን በጀርባው አዝሎ ይዞት መጣ።
ቡልቅ።
ቡልቅ።

ከወር በኋላ ሉዶሚር፣ የንጽሕና ሰው፣ ጠርሙሱን ፈቶ
በቧንቧ ውሃ ፈተገው፣ ጠጠሩን አንጥቶ።
በማግሥቱ ውሃው እንደገና ጨሰ፤
ሌላ ዓሣ ሞተ፤ ሽማግሌው ኮፍያውን ለበሰ፣
ወርዶ ከትራም ማቆሚያው አጠገብ ቀበረው።
ያ ልዝብ፣ ያ አተላ፣ «እድፍ» ብሎ የጠረገው፣
እድፉን የሚበላው፣ ዓይን የማያየው ፍጡር ቤት ነው ለካ!
ቪየስዋቫ ጣቷን ቀስራ፦ «ሁለተኛ እንዳትነካ፤
ካልሲዬንም አትጠበው።»

ከዚያ ወዲህ ቡልቅታው ሲያስተኛኝ ከረመ።
አንድ የጥር ሌሊት ድንገት ነቃሁ፤ ቤቱ ዝም አለ፤ ከተማው ጨለመ።
ሰው በዝምታም እንደሚነቃ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁ፤
ተነሣሁ፣ በራቸውን አንኳኳሁ።

ሻማ በርቷል። ሉዶሚር ወለሉ ላይ ተንበርክኮ
ቱቦውን አፉ ውስጥ ከትቶ ይነፋል፣ ጉንጩን እንደ ወናፍ ለጥጦ፣ ማርኮ።
ትንፋሽ ሲያጥረው ሚስቱ ተቀበለችው፤
ስትደክም፣ በሌሊት ልብሷ ጠርጋ፣ ለኔ አቀበለችው።
ላስቲክ ላስቲክ ይላል፣ ትንሽም ሽንኩርት።
ነፋሁ። ከጠጠሩ ሥር ተፈናጠረች አረፋ፣ አንዲት።
አራቱ ዓሦች ከሻማው ብርሃን ዳር ቆመው፣
አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እኛን የሚቆጥሩ ነው የሚመስለው።

በኃይል ነፋሁ መሰለኝ፤ ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።
ትከሻዬን ያዘኝ፤ ድምፁን አለሰለሰ፦
«ቀስ፤ ትራም አይደለም፤ ቀስ።»